መቶኛው ያሳሳተኝ ሠንጠረዥ

ሐሳቤ ቀላል ነበር። አገሮች የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀታቸውን እስከ 2030 በምን ያህል እንቀንሳለን እንዳሉ በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጣለሁ፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ እደረድራለሁ፤ አለቀ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ2015ቱ የፓሪስ ስምምነት መሠረት አገሮች በየአምስት ዓመቱ ዕቅዳቸውን ለተባበሩት መንግሥታት ያስገባሉ፤ ሰነዶቹም ለማንም ክፍት ናቸው። አንድ ቅዳሜ ይበቃኛል ብዬ ገመትኩ።

እውነትም ቅዳሜ ማታ ጨረስኩ። የአውሮፓ ኅብረት 55 በመቶ፣ ጃፓን 46፣ ህንድ 45፣ አውስትራሊያ 43፣ ቱርክ 41። ደስ ብሎኝ ለጓደኛዬ ላክሁለት። የመለሰልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ከምን ላይ ነው የሚቀነሰው?»

መልስ አልነበረኝም። ቁጥሩን ለቅሜ ከጎኑ ያለውን ዓረፍተ ነገር ዘልዬዋለሁ።

እሑድ ተመልሼ ገባሁበት። የአውሮፓ ኅብረት የሚቆጥረው ከ1990 ነው፣ አውስትራሊያ ከ2005፣ ጃፓን ከ2013። ጃፓን ላይ ትንሽ ቆየሁ። ከ2011ዱ የፉኩሺማ አደጋ በኋላ የኑክሌር ማመንጫዎቿ ስለቆሙ ከሰልና ጋዝ በብዛት ታቃጥል ነበር፤ 2013 ልቀቷ ጣሪያ የነካበት ዓመት ነው። ከጣሪያ ሲለካ ደግሞ ቁልቁለቱ ይረዝማል። ያንኑ ግብ ከ1990 አንጻር ሳሰላው 46ቱ ወደ 40 ገደማ ወረደ። አጭበረበረች እያልኩ አይደለም፤ መነሻ ዓመቱ በግልጽ ተጽፏል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

1990ም ቢሆን ጣጣ አለው። ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ ብዙ ፋብሪካ ተዘጋ፣ ልቀቱም አብሮ ወደቀ። ሩሲያ በ2030 ልቀቷን ከ1990ው 70 በመቶ ላይ አደርሳለሁ ስትል፣ ደኖቿ ከአየር የሚመጥጡት ካርቦን ሲታሰብላት ቀድሞውኑ ከዚያ በታች ነበረች።

ህንድ ላይ ስደርስ አፈርኩ። 45 በመቶ የሚቀንሰው ልቀቱ ራሱ አይደለም፤ ኢኮኖሚው ለሚያመርተው ለእያንዳንዱ ብር የሚወጣው ልቀት ነው። ኢኮኖሚው ቶሎ ካደገ ጠቅላላው ልቀት ሊጨምርም ይችላል። እኔ ግን ከአውሮፓው ጋር በአንድ አምድ ደርድሬው ነበር። ኪሎና ሜትር ማወዳደር በሉት።

ቱርክ ደግሞ ሌላ ታሪክ ናት። 41 በመቶው የሚቀነሰው ካለፈ ዓመት ሳይሆን፣ ምንም ካልተደረገ በ2030 ይደረስበታል ተብሎ ከተገመተው 1,175 ሚሊዮን ቶን ነው። ሲቀነስ ወደ 695 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይሆናል። የ2020 ልቀቷ ግን ከ500 ሚሊዮን ቶን ትንሽ ቢበልጥ ነው። «ቅነሳ» የተባለው ከዚያ አንጻር ጭማሪ ሆኖ አረፈው! ካልኩሌተሩን ደግሜ ነካካሁት። ያው ነው።

ከዚያ ሁሉንም አፍርሼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። መቶኛውን ትቼ የተቻለውን ሁሉ ወደ ቶን ቀየርኩ። ማወዳደሪያዬን 2019 አደረግሁት፤ ምክንያቱም አይፒሲሲ (የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንስ ቡድን) የዓለም ሙቀት ጭማሪን በ1.5 ዲግሪ ለመገደብ የዓለም ልቀት በ2030 ከ2019ኙ በ43 በመቶ ገደማ መውረድ አለበት ብሏል። «የተጣራ» የሚል ቃል ባየሁበት ሁሉ ኮከብ አስቀመጥኩ፤ ደን የመጠጠው ካርቦን ተቀናንሶበታል ማለት ነውና። ቶን ማግኘት ያቃተኝን ባዶ ተውኩት። በግምት ከመሙላት ይሻላል።

አንድ አምድም ጨመርኩ፦ ግቡ ባይሳካ ምን ይመጣል? ካናዳ ከፓሪሱ በፊት ከነበረው የልቀት ቅነሳ ስምምነት፣ ከኪዮቶ ፕሮቶኮል፣ በ2011 እወጣለሁ ብላ ወጥታለች። ብሪታንያ በ2008 ግቧን በራሷ ሕግ አስራለች፤ በ2019 ደግሞ የ2050ውን ወደ የተጣራ ዜሮ ከፍ አድርጋዋለች። የብዙዎቹ ግን ቃል ብቻ ነው። ይህን አምድ ቶሎ ነው የሞላሁት።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ለጓደኛዬ መልሼ ስልክለት «ታዲያ አንደኛ ማን ወጣ?» አለኝ። ደረጃውን ሰርዤዋለሁ አልኩት። ይልቅ እሱ ያየው የመጨረሻውን ረድፍ ነው፦ ዓለም አቀፍ መርከቦችና አውሮፕላኖች። ልቀታቸው በየትኛውም አገር ድምር ውስጥ አይገባም። በአገር ስም ቦታ ላይ ሰረዝ አድርጌበት ነበር፤ «ይህቺን መሙላት ረሳህ» አለኝ።