ውሃውን ወዴት ትደፋዋለህ?

ለጎዳና ሰዎች ተንቀሳቃሽ ሻወር ልሠራ ነው ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር። «ውሃ ከየት ልታመጣ ነው?» ጎረቤቴም፣ ታላቅ ወንድሜም፣ አይሱዙውን ያከራየን ሰውዬም ይህንኑ አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነውና አልፈርድባቸውም። ሰው ከታጠበ በኋላ እጣቢውን ወዴት ትደፋዋለህ ያለኝ ግን አንድም አልነበረም። ይህን የምጽፈው ይህን ሥራ የሚያስብ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዲያውቀው ነው።

በሙያዬ ሳኒተሪ ነኝ። እንጀራዬ ቧንቧ መዘርጋት ነው። ሐሳቡን ያገኘሁት ከውጭ ነው፤ አልደብቅም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ላቫ ሜ የሚባል ድርጅት ከአገልግሎት የወጡ የከተማ አውቶቡሶችን ሻወር ቤት አደረገ። ውሃውን ይወስድ የነበረው መንገድ ዳር ካለው የእሳት አደጋ ቧንቧ ነው። በዓመቱ ቫቲካንም ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ጥግ ላይ ለጎዳና ሰዎች ሻወር ከፈተ። የዚያ መነሻው አንድ የጎዳና ሰው ነው። ሊቀ ጳጳስ ኮንራድ ክራየቭስኪ እራት ልጋብዝህ ሲሉት «እሸታለሁ፣ አልገባም» አላቸው።

ይህን ሳነብ የሰፈራችን ልጅ ትዝ አለኝ። ታክሲ ተራው አጠገብ ነው የሚያድረው። ሰው ያለበት ሱቅ አይገባም። ብሩን ከደጃፉ ላይ ያቀብላል፣ ዳቦውንም ከደጃፉ ላይ ይቀበላል። ማንም ውጣ ብሎት አያውቅም። ራሱ ነው የማይገባው።

«ሻወር ቤት ሞልቶ የለ እንዴ?» ይላል ሰው። ሞልቷል። ገንዘቡን ይዞ ሄዶ የሚመለስ ግን አለ። ባለቤቱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሌላው ደንበኛ ይሸሽበታል። የሚገርመኝ ይህች ከተማ ራሷ የተቆረቆረችው በገላ መታጠብ ሰበብ መሆኑ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ እየወረዱ ፍልውሃን ባይወዱት ኖሮ በ1879 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ማን ቤት ይሠራ ነበር?

ወደ ሥራው ልግባ። መኪናው አሮጌ አይሱዙ ኤን ፒ አር ነው። ከኋላው በያጅ ሳጥን ሠራልን። ሁለት ክፍል አለው፤ በየክፍሉ መታጠቢያና ልብስ መቀየሪያ። ለውጡን ሊብሬው ላይ ማስመዝገብ ትንሽ ያንከራትታል፣ ግን ያልቃል። ቦሎ፣ ኢንሹራንስ፣ ሹፌር፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ውሃውን ፈረቃ ሲደርሰን ሌሊት እንሞላለን፤ ካልሆነም ከቦቴ እንገዛለን።

ስለ ሮቶው ግን አንድ ነገር ልበል። መካሪ ሁሉ «5,000 ሊትር ግዛ» ይላል። አትስሙት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ 5,000 ሊትር 5 ቶን ማለት ነው። ከሳጥኑ ጋር አይሱዙው አይችለውም። ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሰው ክፍሉ ተጸድቶ ለሚቀጥለው እስኪደርስ ድረስ 20 ደቂቃ ይፈጃል። በሁለት ክፍል በሰዓት 6 ሰው፣ በ5 ሰዓት 30 ሰው። ለሰው አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ቢመደብ 750 ሊትር ነው። የ1,000 ሊትር ሮቶ ይበቃል፤ ለወለል ማጠቢያም ይተርፋል።

ሌላው የማልቀበለው ምክር ሰዓት ይዞ በር ማንኳኳት ነው። ስንት ጊዜ ያልታጠበን ሰው «ጨርስ!» ማለት ነውር ነው። እኛ ከየክፍሉ በላይ 25 ሊትር የምትይዝ ትንሽ ጋን ሰቀልን። ውሃው ሲያልቅ ያልቃል። የሚጮህ የለም፣ የሚጣላ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው ከሆነ ደግመን እንሞላለታለን።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ።

750 ሊትር ከላይ ከገባ 750 ሊትር ከታች ይወጣል። ያውም ሳሙና፣ ፀጉርና ጭቃ ይዞ። በራሱ እንዲወርድ የእጣቢው ጋን ከወለሉ በታች መሆን አለበት። ከአይሱዙው ሆድ ሥር ደግሞ የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ አለ፣ ስኮርት ጎማ አለ፣ ነዳጅ ጋን አለ። ስለዚህ ወለሉን ከፍ አድርገን ጠፍጣፋ ጋን ከሥሩ አስበየድን። ወለሉ ከፍ ሲል ደረጃው ረዘመ። ደረጃው ሲረዝም እማማዎቹና እግራቸው የቆሰለ ሰዎች መውጣት አቃታቸው። በግራና በቀኝ መደገፊያ ብረት ጨመርን፤ እርከኑንም ዝቅ ዝቅ አደረግነው። ይህ ሁሉ የብረት ችግር ነው። ብረት በብየዳ ይፈታል። የማይበየደው ቢሮ ነው።

ለቦታ ፈቃድ ወረዳ ሄድኩ። የትኛው ወረዳ እንደሆነ ይቅር። ሰውዬው ጨዋ ነበር፣ ሻይ ሁሉ አዘዘልኝ። «ሐሳቡ ግሩም ነው ወንድሜ። ፍሳሹስ?» አለኝ። ደስ አለኝ። በመጨረሻ ትክክለኛውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ተገኘ። «ጋን አለን፤ መሬት ላይ ጠብ አትልም» አልኩት። «እሱ ጥሩ ነው። ጋኑ ሲሞላ የት እንደምትደፉት ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ አምጣልኝ።»

የሚመለከተውን አካል ፍለጋ ተጀመረ።

አንደኛው ቢሮ «መጸዳጃ አለው?» አለኝ። የለውም፣ ገላ መታጠቢያ ብቻ ነው። «እንግዲያው ፍሳሽ አይደለም፤ እኛን አይመለከትም።» ሁለተኛው ቢሮ «ሳሙና አለው?» አለኝ። ያለ ሳሙና ምን መታጠብ አለ፣ አለው እንጂ። «ሳሙና ካለውማ ፍሳሽ ነው። ወደ እነሱ ተመለስ።» ተመለስኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ና። ነገም ስብሰባ ላይ ናቸው። ሦስተኛው ቢሮ ያለችው ልጅ ማመልከቻዬን ከላይ እስከ ታች አንብባ «ይሄ የቆሻሻ አወጋገድ ጉዳይ ነው» ብላ የመራችልኝ የት መሰላችሁ? ደረቅ ቆሻሻ! 750 ሊትር ውሃ አለብኝ ብዬ ደረቅ ቆሻሻ ቢሮ በር ላይ ወረፋ ያዝኩ። እዚያ ያለው ሰውዬ ደብዳቤውን አይቶ ሳቀ። እኔም ሳቄ መጣ። ደብዳቤ ግን አልጻፈልኝም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ መኪናው ቆሞ ኪራይ ይቆጥራል።

ያናደደኝ መመላለሱ ብቻ አይደለም። አንዱ ኃላፊ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ «እነዚህን ሰዎች ካጠባችኋቸው እኮ ይበዛሉ» አለኝ። እስካሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሰው ጎዳና የሚወጣው ሻወር አለ ተብሎ ነው? እስካሁን ሻወር አልነበረም፤ ታዲያ ቀነሱ? አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት፤ ፊርማው የሱ ነዋ።

ሌላኛው መፍትሔ ሰጠኝ። «በየማታው የፍሳሽ ማንሻ መኪና ጠርታችሁ አስመጥጡ፤ ሕጋዊው መንገድ እሱ ነው።» ሕጋዊ መሆኑን አልካድኩም። ዋጋውን ጠየቅሁ። የአንድ ምልልስ ክፍያ የቀኑን ውሃ፣ ጋዝና ሳሙና ደምረን ካገኘነው በለጠ። ቆጥሬ ላሳየው ስል «በጀት የእናንተ ጉዳይ ነው» አለኝ። ልክ ነው፣ የእኛ ጉዳይ ነው። ሰዎቹ ግን የማን ጉዳይ ናቸው?

ወዳጆቼ ደግሞ ሹክ ይሉኛል። «ምን ያጨናንቅሃል፤ ሌሊት የጎርፍ ቱቦ ውስጥ ለቀቅ ነው።» አላደረግሁትም። ፈርቼ አይደለም፣ ምንም እንኳ ከተማው ወንዝ በሚበክል ላይ ጠንከር ያለ ቅጣት ቢያወጣም። ሳኒተሪ ነኝና የጎርፍ ቱቦው ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ወደ ወንዝ ነው። ወንዙ ዞሮ ዞሮ አቃቂ ወርዶ ጎመን ያጠጣል። ጎመኑን ገበያ ሄጄ የምገዛው እኔው ነኝ።

መላውን ያገኘነው ከቢሮ ሳይሆን ከአንድ የሙያ ጓደኛዬ ነው። «ቦታ ትለምናለህ እንዴ? የምትለምነው ማንሆል ነው እንጂ!» አለኝ። ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር የተገናኘ ግቢ ያለው ሰው ፈልገን አገኘን። ሰውዬው ነጋዴ ነው፤ ግቢው ሰፊ፣ ልቡም ሰፊ። ማታ መኪናውን አስጠግተን ማጣሪያውን እናጸዳለን፣ ቱቦውን ማንሆሉ ውስጥ እንከታለን፣ በራሱ ይወርዳል። በአንድ ገጽ ተስማማን፤ የድርጅቱን ማህተም መታበት።

ያንን ወረቀት ይዤ ወደ ወረዳው ተመለስኩ። ሰውዬው ማህተሙን አየ። የማን ማህተም እንደሆነ አላነበበም። «ይኸው፤ ቀድመህ ብታመጣው ኖሮ!» ብሎ ፈረመልኝ።

ስለዚህ የፕሮጀክት ቅጹ ምንም ይበል ምን፣ ከ«ፍላጎት ዳሰሳ» አትጀምሩ። ፍላጎቱ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተኝቷል፤ ዳሰሳ አያሻውም። ከማንሆል ጀምሩ። ማንሆሉንም ፈትሹት። ብዙ ግቢ «መስመር አለኝ» ይላችኋል፣ ሲታይ ሴፕቲክ፣ ማለትም የግቢው የራሱ የፍሳሽ ጉድጓድ ነው። ሴፕቲክ ቶሎ ይሞላባችኋል፤ ከባለቤቱም ጋር ያጣላችኋል። ባልዲ ውሃ ውስጥ ቀለም በጥብጡና ድፉበት። ከዚያ መንገድ ላይ ያለውን የሚቀጥለውን ማንሆል ከፍታችሁ ጠብቁ። ቀለሙ ካለፈ መስመር አለው። ካላለፈ አመስግናችሁ ውጡ።

የቀረውን ቶሎ ልበለው። የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ቀዝቃዛ ነው፤ በኅዳር ንጋት በሱ ታጠብ ማለት ቅጣት ነው። 750 ሊትሩን ከ15 ዲግሪ ወደ 40 ለማድረስ በእኔ ስሌት 2 ኪሎ ገደማ የሲሊንደር ጋዝ ይበቃል። በጄኔሬተር ቦይለር ልንዳ ብትሉ ነዳጁ ያራቁታችኋል። የጋዝ ማሞቂያውን ግን በፍጹም ሳጥኑ ውስጥ አትግጠሙት፤ የከሰል ጭስ በዝግ ቤት የሚሠራውን እሱም ይሠራል። ከውጭ ግድግዳው ላይ ይሁን። ሙቅና ቀዝቃዛ ብላችሁ ሁለት ቧንቧም አትስጡ። ማስቲሽ የሳበ ልጅ ሲቃጠል አይታወቀውም። ቀድማችሁ ቀላቅሉና አንድ ቧንቧ ብቻ ይሁን።

በሩን ደግሞ ከውስጥ ብቻ የሚቆለፍ አድርጉት። መጀመሪያ የቆምንበት ቦታ ላይ መኪናውን ሲያዩ ተበታተኑ። አፈሳ መስሏቸው ነው። እውነት ለመናገር ሳጥን የተጫነበት መኪና መጥቶ «ኑ ግቡ» ቢለኝ እኔም አልገባም። የመጀመሪያው ደፋር አንድ ሊስትሮ ነበር። ደረጃው ላይ ቆሞ «ፋዘር፣ ሳጥኔን ማን ይይዝልኛል?» አለኝ። እኔ እይዛለሁ አልኩት። አላመነኝም። በሩን ገርበብ አድርጎ፣ በአንድ ዓይኑ ሳጥኑን እያየ ታጠበ። በማግሥቱ ዕቃ ማስቀመጫ አሠራን፤ ቁልፉን ይዞ የሚገባው ባለቤቱ ነው። ከዚያ በኋላ ወረፋ ሆነ። ለሴቶች ለብቻው ቀን መደብን። ያን ቀን መኪናው ላይ ወንድ የለም፣ ሹፌሩም ወርዶ ሻይ ይጠጣል። ሞዴስ ሳይለምኑ የሚያገኙበት ቦታ ተቀምጧል።

ፎቶ አናስነሳም። ለጋሽ ቢቆጣም አናስነሳም።

የልብሱን ጉዳይ ደግሞ ማንም አይነግራችሁም። የሰውነት ቅማል የሚኖረውም እንቁላሉን የሚጥለውም ልብስ ስፌት ውስጥ ነው። ትኩሳት ግርሻንም ተስቦንም የሚያመጣው እሱ ነው። ሰውን አጥቦ ያንኑ ልብስ መልሶ ማልበስ ድካም ብቻ ነው። እኛ የምናደርገው ልውውጥ ነው። የቆሸሸውን ይሰጠናል፣ የታጠበ ሰልባጅ ይወስዳል። የተቀበልነውን በበርሜል አፍልተን፣ አጥበን፣ አድርቀን ለሚቀጥለው እናቆያለን። ክረምት ላይ ማድረቁ ያስጨንቃል። ጣራ ያለው ቦታ ካላችሁ ክረምት ሳይገባ ገመድ ዘርጉ።

ልብስ ልስጥ የሚል ሰው አይጠፋም፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን የሚሰጠን ኮት ነው። ኮት ሞልቶናል፤ ለሠርግ የሚሆን ሁሉ አለ። ያጣነው የውስጥ ሱሪና ካልሲ ነው። አዲስ፣ በደርዘን።