ጅብ ወለደች

ከሰሞኑ ምክንያቱን በውል የማላውቀው ዝምታ ወድቆብኛል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ያጠብኩትን ልብስ ገመድ ላይ አስጥቼ ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ፀሐይዋ ከሐይቁ በኩል እንደ ደመቀች ዝናቡ በስተጀርባዬ መጥቶ ቆርቆሮውን ይነካካው ጀመር። ልብሱን ላነሣ ብድግ ስል ሳላስበው ከአፌ «ጅብ ወለደች» የሚል ቃል አመለጠኝ። ትንሿ ልጄ ከደብተሯ ቀና ብላ «የት?» አለችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ስለው የኖርኩትን ነገር ላስረዳ ስነሣ ምንም የማውቀው እንደሌለ ገባኝ። ፀሐይና ዝናብ ሲገናኙ ጅብ ትወልዳለች ይባላል፤ በቃ ይባላል። በልጅነቴ በሰማኋቸው ተረቶች ሁሉ ጅብ ወንድ ነው፤ አያ ጅቦ ይመጣል፣ አያ ጅቦ ይታለላል፣ አያ ጅቦ ይሮጣል። ሴት ሆኖ አራስ ቤት የሚገባው በዚህች አንዲት የአየር ጠባይ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ስለው ኖሬ እንዴት አላስገረመኝም?

«ተረት ነው?» አለችኝ። የተረት መግቢያው አማረኝና፣ እንደ ቆምኩ «ተረት ተረት» አልኳት። እሷም ሳታመነታ «የመሠረት» ብላ መለሰች። በጨለማ ደረጃ የሚወርድ ሰው አንድ ደረጃ ሲጎድልበት እንደሚደነግጠው ደነገጥኩ፤ እኔ የምጠብቀው «የላም በረት»ን ነበርና። መታረም እንደሚገባት ነገርኳት፤ መምህሯ «የመሠረት» እንዳለች ነገረችኝ፤ የመምህር ቃል በቤታችን ይግባኝ ስለሌለው ክርክሩ እዚያው አበቃ። እናቴ ከደብረ ማርቆስ ይዛው የመጣችው በረት፣ ላም ታስሮበት በማያውቅ የሐዋሳ የኪራይ ግቢ ውስጥ ያን ያህል ዘመን ቆይቶ በአንድ ቅዳሜ ፈረሰ። የራሴን ቤት መሠረት ጥዬ የማላውቅ ተከራይ ስሆን በምትኩ መሠረት መሰጠቱ ደግሞ ጭራሽ አልዋጥልኝ አለ። ደግነቱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» በሚለው መዝጊያ ላይ ሁለታችንም ተስማምተናል፤ በዳቦ የሚጣላ የለም።

ከዚያ በኋላ ሐሳቤ መሰብሰብ አቃተው። መሥሪያ ቤት ያለች አንዲት ወዳጄ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር «አበባየሆሽ» ትላለች፤ እኔ «አበባየሆይ» እላለሁ፤ የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ደግሞ እኅቶቹ «አበባዮሽ» ሲሉ እንደ ሰማ ይምላል። ሦስታችንም ጋ ግን መልሱ ያው «ለምለም» ነው። ድብብቆሽም ላይ እንዲሁ ነው፤ አንዱ ሰፈር «ኩኩሉ» ቢል ሌላው «አኩኩሉ» ቢል፣ ከተደበቁበት የሚመጣው ድምፅ «አልነጋም» ነው። ምናልባት ጥሪው የአንድ ሰው አፍ ስለሆነ እንደ ባለቤቱ ይጣመማል፣ መልሱ ግን በብዙ ሕፃናት ጉሮሮ የታሰረ ስለሆነ ንቅንቅ አይልም። ተረት ላይ ነገሩ የተገለበጠው ደግሞ ተረት የሚነገረው በየቤቱ በር ተዘግቶ፣ ለሦስት ለአራት ልጅ ስለሆነ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ቤት የየራሱን መልስ ያሳድጋል። በዚህ ግኝቴ ለጥቂት ደቂቃ ኮራሁ።

ትርጉሙን ግን ማን ይጠብቃል? ነሐሴ 13 ለሚውለው ቡሄ በየደጁ ስንዞር «እዚያ ማዶ ጭስ ይጨሳል፣ አጋፋሪ ይደግሳል» የሚለውን ስንኝ ወንዶቹ ሲያወርዱ፣ እኔ ከኋላቸው እየተከተልኩ «እዚያ ማዶ» የሚባለው የእኛው ታቦር ተራራ መሆኑን አልጠራጠርም ነበር። ተራራው ታቦር፣ በዓሉ ደብረ ታቦር፣ ከተራራው ግርጌም ሲመሽ ጭስ የሚወጣ ቤት አይጠፋም፤ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል! አጋፋሪ የቤተ መንግሥት ሹመት መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ እስከዚያው ድረስ ተራራው ሥር የሚኖሩ፣ ድግስ የማይሰለቻቸው አንድ ሽማግሌ ይመስሉኝ ነበር።

በዚያው ዕድሜዬ ከጎረቤት ልጆች ጋር የምዞርበት ሌላም ቀን ነበረኝ። አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ቀን ቆጣሪዎች ከዋክብትን አይተው ቀኑን ሲያሳውቁ፣ ዩኔስኮ የሲዳማን ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላን በ2008 ዓ.ም. ከመመዝገቡ ብዙ ዓመታት በፊት፣ «አይዴ ጫምባላላ» እያልኩ በየቤቱ ገብቼ ከእንሰት የተሠራ፣ በቅቤ የራሰ ቡርሳሜ በልቻለሁ። ሲዳምኛዬ ከዚያች ሰላምታ ብዙም ባያልፍም አንዲት እናት እንኳ «ተሳስተሻል» ብላ አልመለሰችኝም። ልጅ ደጅ ይመታል፣ ትልቅ ሰው ያበላል፤ ቡሄም ያው ነው።

ስሕተት የተባለው ይልቅ በአማርኛው ነበር። እናቴ ባገሯ ልማድ ታላላቆቿን «አንቱ» ስትል፣ እዚህ ሰው ሁሉ «እርስዎ» ነው የሚለው። ቃሉ እኛ ሰፈር የሚታወቀው «አንቱ የተባለ ሐኪም»፣ «አንቱ የተባለ ሌባ» ሲባል ብቻ ስለነበር፣ ቡና የጠራቻቸው አንዲት ሴትዮ ስኒያቸውን አስቀምጠው «እኔ ምን ሠርቼ ነው አንቱ የተባልኩት?» ብለው ቤቱን በሳቅ አፈረሱት። እናቴ አብራ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲህ ግን በሰው ፊት «አንቱ» ስትል አልሰማሁም። ለብቻዋ ስትጸልይ ብቻ እሰማታለሁ። አሁን ደግሞ ልጄ ከወሎዋ ጎረቤታችን «ኸዚህ» እና «ኸዚያ» ማለትን ቀድታ መጥታለች፤ አላረምኳትም።

እኔ በዚህ ሁሉ ስዋኝ ልጅቷ ተሰላችታ ኖሮ «እንቆቅልሽ» አለችኝ።

«ምን አውቅልሽ» አልኩ።

«ሦስት እግር አለው፣ ሰው በልቶ ሰው ይተፋል።»

ጉልቻ አልኩ፤ አይደለም። ባለ ሦስት እግር በርጩማ አልኩ፤ በርጩማ ሰው ይበላል ወይ ተባልኩ። መልሱ ለካ ባጃጅ ነው። «በይ ሀገር ስጪኝ» አለችኝ። በዚህ ዘመን ሀገር መስጠት ከባድ ነገር ቢሆንም ሕጉ ሕግ ነውና ደብረ ማርቆስን ሰጠኋት። «እዚያ ማን አለኝ?» አለች። አዲስ አበባን ብሰጣት መኪና ይበዛል፣ አዳማን ብሰጣት ይሞቃል። የምትፈልገው ሐዋሳን ነው፤ ሐይቁን ከነዓሣው፣ አባ ኮዳ የሚባሉትን ወፎች ከነዛፋቸው።

«ሐዋሳን ከሰጠሁሽ እኔ የት ልኖር ነው?»

«አንቺ ደብረ ማርቆስ ሂጂ።»

ደብረ ማርቆስን በሕይወቴ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ለለቅሶ። ምን እንደምመልስላት ሳሰላስል የወሎዋ እትዬ ከአጥሩ ወዲያ ጮኹ፦ «ኧረ አንቺ ሴት፣ ኸገመዱ ላይ ያለው ልብስ ራሰ እኮ! ምን ስትሠሪ ነው?»

«ሀገር ስሰጥ» አልኳቸው።