«አልወሰንኩም» የሚለውን መልስ ስለ መመዝገብ

እ.ኤ.አ. በ2007 መገባደጃ ላይ፣ በቨርጂኒያ ግዛት በሚገኝ አንድ የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ድርጅት ውስጥ በማታ ፈረቃ የስልክ ቃለ መጠይቅ አድራጊ ሆኜ እሠራ ነበር። ጊዜው የአሜሪካ ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ለ2008 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ እጩዎቻቸውን በየግዛቱ በሚደረገው ቅድመ ምርጫ ለመለየት የሚዘጋጁበት ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ በሚወጡት ጥናቶች በዴሞክራቶቹ በኩል ሂላሪ ክሊንተን፣ በሪፐብሊካኖቹ በኩል ደግሞ የቀድሞው የኒው ዮርክ ከተማ ከንቲባ ሩዲ ጁሊያኒ ለወራት ሲመሩ ቆይተዋል። በማኅበራችን መካከልም ቢሆን፣ በለቅሶ ቤት ሆነ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ እኔ እዚያ እንደምሠራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ማን ያሸንፋል?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ቁጥሩን ከውስጥ የሚያይ ሰው መልሱንም የሚያውቅ ይመስላል። በዚያ ፈረቃ ላይ የደረሰ አንድ ነገር ግን፣ ቁጥሩ ለዚያ ጥያቄ መልስ የሚሆነው መቼ እንደሆነና መቼ እንደማይሆን አሳይቶኛል።

ሥራው በጥብቅ ደንብ የሚመራ ነው። የጆሮ ማዳመጫ አድርገን ኮምፒውተር ፊት እንቀመጣለን፤ ማሽኑ ቁጥር ይደውላል፣ ሰው ሲያነሳ ጥያቄው በስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ እኛም አንዲት ቃል ሳንጨምርና ሳንቀንስ እናነባለን። «የዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ዛሬ ቢካሄድ ከሚከተሉት እጩዎች ለየትኛው ድምፅ ይሰጣሉ?» ከተባለ በኋላ ስሞቹ ይነበባሉ፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚነበበው እጩ እንዳይጠቀም ሲባል የስሞቹ ቅደም ተከተል በየጥሪው ይለዋወጣል። «አልወሰንኩም» የሚለው አማራጭ በስክሪኑ ላይ አለ፤ ነገር ግን ጮክ ተብሎ አይነበብም። መላሹ ራሱ «አላውቅም» ካለ አንድ ጊዜ ብቻ «በአሁኑ ሰዓት ወደ ማን ያዘነብላሉ?» ተብሎ ይጠየቃል። አሁንም ካላወቀ «አልወሰንኩም» ተብሎ ተመዝግቦ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይታለፋል።

በዚያ ሰሞን ከዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ ጎን ለጎን የሚሠራ አንድ የአገራችን ልጅ አዲስ ተቀጥሮ ገባ። ቅን፣ ትሑትና ታታሪ ልጅ ነበር። ከጥቂት ምሽቶች በኋላ ግን ተቆጣጣሪዋ የእሱን ቅጾች ስታገላብጥ አንድ እንግዳ ነገር አየች፤ በሁላችንም ቅጾች ላይ በየገጹ የሚታየው «አልወሰንኩም» በእሱ ዘንድ የለም ለማለት ይቻላል። የእሱ መላሾች በሙሉ የወሰኑ ሰዎች ነበሩ። የድምፅ ቅጂዎቹን አውጥታ ስታዳምጥ ምክንያቱ ታወቀ። ሰውዬው «አላውቅም» ሲል ልጁ ስሞቹን ደግሞ ያነባል፤ አሁንም «ገና አላሰብኩበትም» ሲል «እንዲያው አንዱን ይምረጡ ቢባሉስ?» ብሎ ከደንቡ ውጪ ይጨምራል። በመጨረሻ መላሹ፣ አንዳንዴም ስልኩን ለመዝጋት ቸኩሎ፣ አንድ ስም ይጠራል። የሚጠራው ስም ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ወይ ክሊንተን ወይ ጁሊያኒ ነበር።

ተቆጣጣሪዋ የልጁ ቃለ መጠይቆች በሙሉ እንዲሰረዙና በምትካቸው አዲስ ጥሪ እንዲደረግ ወሰነች። ይህ ማለት የብዙ ምሽት ሥራና ገንዘብ መጣል ነበርና ውሳኔው ለሁላችንም ከባድ መስሎ ታየን። ከእኛ ጋር ይሠሩ የነበሩ አንድ አዛውንት ግን ትክክል ነው አሉ። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው እኚህ ሰው በ1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1984) በተደረገው የኢትዮጵያ የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራ ላይ በቆጣሪነት የሠሩ ነበሩ። በዕረፍት ሰዓት ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው ሲያነጋግሩት እኔም ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ሰው ስም ሳይሰጠኝ ሲቀር ሥራዬን ያልሠራሁ እየመሰለኝ ነው እኮ» አላቸው።

«ይገባኛል ልጄ» አሉት፤ «እኛም በቆጠራው ጊዜ ዕድሜውን የማያውቅ ሰው ሲያጋጥመን ባዶ መተው ይከብደን ነበር። አጥብቀህ ስትጠይቀው አርባ ይልሃል፣ ወይም ሃምሳ ይልሃል። አርባ አንድ የሚልህ የለም። በኋላ ውጤቱ ሲደመር በአርባና በሃምሳ ላይ ሰው እንደ ጉድ ተከምሮ ይገኛል። ያ ክምር የሕዝቡ ዕድሜ አይደለም፤ የእኛ ጥያቄ ነው።»

ጋሼ የተናገሩት በሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው፤ የልደት መዝገብ ባልተስፋፋባቸው አገሮች ቆጠራዎች በዜሮና በአምስት የሚያልቁ ዕድሜዎች ከልክ በላይ ይበዛሉ። ለእኔ የተገለጠልኝ ግን ስለ ቅድመ ምርጫ ነበር። ያልወሰነ ሰው ሲጫኑት የሚሰጠው መልስ በዘፈቀደ አይበተንም፤ በጣም ወደሚታወቀው ስም ይከማቻል። ልጁ ያደረገው ነገር ከደንቡ የወጣ ቢሆንም፣ ደንቡን ጠብቀን የምንሠራው እኛም ብንሆን ከምርጫው ወራት አስቀድመን «ዛሬ ቢካሄድ» ብለን ስንጠይቅና ስም ስናነብ፣ በመጠኑ ያንኑ እያደረግን ነበር። የእሱ ቅጾች የሁሉንም ቀደምት ጥናቶች ጠባይ አጉልተው አሳዩኝ።

ይህ በተፈጠረበት ሳምንት ካደረግኋቸው ጥሪዎች መካከል ሁለቱን አልረሳቸውም። አንደኛው፣ ቅድመ ምርጫው በማርች ከሚደረግበት ግዛት ያለ ሰው ነው፤ ስሞቹን አንብቤ ሳልጨርስ «ክሊንተን» አለኝና ቀጥሎ «ሌሎቹ እነማን ናቸው ያልከኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደንቡ ማብራሪያ እንድሰጥ ስለማይፈቅድልኝ መልሱን መዝግቤ አለፍኩ። ሁለተኛዋ በአዮዋ የምትኖር ሴት ነበረች። ኦባማን በአካል ሰምታዋለች፣ ሌላው የዴሞክራቶቹ እጩ ጆን ኤድዋርድስ በከተማዋ ትምህርት ቤት ሲናገር ተገኝታለች፣ ክሊንተንንም አይታለች፤ የሦስቱን የጤና መድን ዕቅድ ልዩነት ከእኔ በተሻለ ታውቅ ነበር። ለማን እንደምትመርጥ ስጠይቃት ግን «ገና ነኝ፤ ከገና በኋላ ደውሉልኝ» አለችኝ። በመዝገቡ ላይ ምንም የማያውቀው ሰው የወሰነ፣ ሁሉን የምታውቀው ሴት ደግሞ ያልወሰነች ሆነው ሰፈሩ። ጋዜጣ ላይ የወጣው የእሱ መልስ ነው፤ የእሷ መልስ በግርጌ ባለችው አነስተኛ መቶኛ ውስጥ ገባ።

ጃንዋሪ 3 ቀን 2008 በአዮዋ ኮከስ፣ ማለትም መራጮች በስብሰባ እጩ በሚለዩበት ምርጫ፣ ኦባማ አንደኛ ወጥቶ ክሊንተን ሦስተኛ ሆነች። በሪፐብሊካኖቹ በኩል ማይክ ሃካቢ አሸነፈ። ጁሊያኒ ተስፋውን ሁሉ የጣለው በፍሎሪዳ ላይ ነበርና ጃንዋሪ 29 በዚያ ሦስተኛ ሲወጣ በማግስቱ ውድድሩን ትቶ ለተፎካካሪው ለጆን ማኬይን ድጋፉን ሰጠ። ለወራት በአገር አቀፍ ደረጃ ሲመራ የኖረ ሰው አንድ ግዛት እንኳ ሳያሸንፍ ወጣ። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የገረመኝ በሳውዝ ካሮላይና የሆነው ነው። ብዙ ጥቁር መራጮች በ2007 ክሊንተንን እንመርጣለን ይሉ ነበር፤ ኦባማ አብዛኛው ነዋሪዋ ነጭ በሆነችው አዮዋ ሲያሸንፍ ግን ሊሆን የሚችል ነገር መሆኑን አዩና ሐሳባቸውን ለወጡ። ጃንዋሪ 26 ኦባማ 55 በመቶ ሲያገኝ ክሊንተን 27 በመቶ ገደማ ብቻ አገኘች። ቅድመ ምርጫ በአንድ ቀን አይካሄድም፤ የአንዱ ግዛት ውጤት የሌላውን ግዛት ሰው ልብ ይለውጣል። በኦክቶበር የተጠየቀ ሰው ደግሞ ገና ላልሆነ ነገር መልስ ሊሰጥ አይችልም።

ከዚህ ተነስቶ ቀደምት ጥናት ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ግን ሌላ ስህተት ነው፤ ይህን ስህተት የሠሩ ብዙ አዋቂዎች አይቻለሁ። በ2015 ዶናልድ ትራምፕ ጁን 16 ቀን ውድድሩን ተቀላቅሎ በሚቀጥለው ወር መምራት ሲጀምር፣ የጁሊያኒን ታሪክ እየጠቀሱ «ይህ ጊዜያዊ ነው» ያሉ ተንታኞች ጥቂት አልነበሩም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ አካባቢ ከፊት ከነበሩት አንዱ ጄብ ቡሽ በርግጥ ወደቀ፤ ደጋፊዎቹ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባስበውለት እንኳ በፌብሩዋሪ 2016 ከሳውዝ ካሮላይና ሽንፈት በኋላ ወጣ። የትራምፕ ደጋፊዎች ግን ስሙን ስለሚያውቁ ብቻ የጠሩት አልነበሩም፤ የሚናገረውን ሰምተው የጸኑ ነበሩ። ቡሽም ትራምፕም ታዋቂ ሰዎች ናቸው፤ ልዩነቱ ያለው ከስሙ በስተኋላ ነው። በ2023ም በጊዜው ፍሎሪዳን ያስተዳድሩ የነበሩት ሮን ዴሳንቲስ በአንዳንድ ጥናቶች ተቀራርበው ታይተው ነበር፤ በጃንዋሪ 2024 አዮዋ ላይ ትራምፕ 51 በመቶ ሲያገኝ እሳቸው 21 በመቶ ላይ ቀሩ።

የጆ ባይደን ነገር ደግሞ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በ2019 ውስጥ ከሞላ ጎደል ሙሉውን ዓመት መርቶ፣ በፌብሩዋሪ 2020 በአዮዋ አራተኛ፣ በኒው ሃምፕሸር አምስተኛ ሆነ። በዚያ ሳምንት ቀደምቱ ጥናት ውሸት ነበር ብሎ ያልደመደመ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የባይደን ድጋፍ መሠረት የነበሩት፣ በተለይም በዕድሜ የገፉት ጥቁር መራጮች፣ ገና ድምፅ አልሰጡም ነበር። ፌብሩዋሪ 29 በሳውዝ ካሮላይና ሲመርጡ ግማሽ ያህሉን ድምፅ ለእሱ አስገኙለት፤ ከሦስት ቀን በኋላም ከ14 ግዛቶች አሥሩን አሸነፈ። እነዚህ ሰዎች ባይደንን በምክትል ፕሬዚዳንትነቱ ለስምንት ዓመት ያዩትና የሚያውቁት ናቸው። ሌላ ስም ስላላወቁ የጠሩት አይደለም።

በሥራዬ ላይ የናሙና ስህተት የሚባለውን ነገር ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ይቀለኛል። ወደ 400 የሚሆኑ መራጮች የተጠየቁበት ጥናት አምስት ነጥብ ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊስት እንደሚችል ማንም ይረዳል። ያ ቁጥር ግን የሚናገረው ዛሬ ስለተሰጠው መልስ ብቻ ነው፤ መላሹ ሐሳቡን ሊለውጥ ስለመቻሉ አንዳች አይነግረንም። በማርች 2016 በሚሺጋኑ የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ጥናቶቹ ክሊንተንን በ20 ነጥብ አካባቢ ያስቀደሙት የምርጫው ዕለት ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ነበር፤ ያሸነፈው ግን ተፎካካሪዋ በርኒ ሳንደርስ ነው። ለወራት አስቀድሞ ለሚወጣ ቁጥር ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አዲስ ጥናት ሲደርሰኝ የእጩዎቹን ተራ ከማየቴ በፊት እያንዳንዱን እጩ ስንት ሰው እንደሚያውቀው፣ ከሚያውቁት ውስጥ ስንቱ እንደሚወደው፣ «ሐሳቤን ልለውጥ እችላለሁ» ያለው ምን ያህል እንደሆነ አያለሁ። ብዙ ድርጅቶች እነዚህን ጥያቄዎች ይጠይቃሉ፤ ዜና የሚሠሩት ሰዎች ግን የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ይዘው ይሄዳሉ።

ጉዳዩ ከትንበያ አልፎ የሰዎችን ዕጣ የሚወስን ሆኖ ያየሁት በ2019 ነው። የዴሞክራቲክ ፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ ለመጀመሪያው የቴሌቪዥን ክርክር መግቢያ እንዲሆን ሁለት መንገድ አስቀመጠ፤ ወይ በሦስት ጥናቶች 1 በመቶ ማግኘት፣ ወይ ከ65,000 ሰዎች መዋጮ ማሰባሰብ። የሞንታና ገዥ የነበሩት ስቲቭ ቡሎክ ሦስተኛዋን 1 በመቶ ያገኙት የእጩዎች ስም ሳይነበብ መላሹ ከራሱ ስም እንዲጠራ በተደረገበት ጥናት ስለነበረ ኮሚቴው አልቀበልም አለ፤ በጁን ማያሚ ላይ 20 እጩዎች ሲከራከሩ እሳቸው አልነበሩም። በእኔ እምነት የተደረገው ነገር ተገላቢጦሽ ነው፤ ማንም ሳያስታውሰው ከራሱ ስሙን የጠራለት እጩ፣ ተነቦለት ከተመረጠው ይልቅ የጸና ድጋፍ አለው።

ከ400 ሰዎች መካከል 1 በመቶ ማለት አራት ሰው ነው። በዚያ ዓመት አዳዲስ ቃለ መጠይቅ አድራጊዎችን የማሠልጠን ሥራ ለእኔ ተሰጥቶኝ ነበርና፣ የመጀመሪያውን ቀን ጥሪ እንዲያደርጉ ሳልፈቅድ እርስ በርሳቸው እንዲጠያየቁ አደረግኩ፤ መጀመሪያ ስም ሳይነበብ፣ ቀጥሎ ስም ተነቦ፣ በመጨረሻም «አላውቅም» ያለውን እየተጫኑ። ሦስቱን ውጤት በነጭ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ስንጽፍ ማንም ተጨማሪ ማብራሪያ አልጠየቀኝም፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ስልኮቹ ሄዱ።