ጨውና የፅንስ አንጎል

ዛሬ ገበያ ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር እህት፣ ፀሐይ ላይ ከዋለ ክፍት ከረጢት ጨው በጣሳ ስታሰፍር አየሁና፣ አዮዲን ያለበትን የታሸገ ጨው ብትወስድ እንደሚሻላት ነገርኳት። እሷም «ጨው ያው ጨው አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

በአንገት ፊት ለፊት ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን ሆርሞን ራሱ ማምረት ስለማይችል፣ የአንጎሉ ሴሎች ተባዝተው ቦታ ቦታቸውን የሚይዙት ከእናቱ በሚያገኘው ሆርሞን እየታገዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር የሚመክረው በቀን 250 ማይክሮግራም አዮዲን፣ ማለትም የአንድ ግራም ሩብ ሺኛ ብቻ ነው።

በደጋው አገራችን ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ስለሚወስደው፣ እንቅርት በእናቶቻችን አንገት ላይ ለዘመናት ሲታይ ኖሯል። እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን ለዓይን የማይታየው ጉዳት ነው፤ በማኅፀን ሳለ አዮዲን ያጠረው ልጅ ትምህርት ሲከብደው፣ ማንም ምክንያቱን ሳይጠይቅ «ሰነፍ» ይባላል።

አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በሙቀት ስለሚባክን፣ ባለሱቆች ጨዉን ከደጅ ቢያነሡት፣ እኛም ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጠን ወጡ ሊወርድ ሲል ብንጨምረው መልካም ነው።