"ይቀመጥ!" የሚባለው ማን ነው?

የአሜሪካን የምረጡኝ ቅስቀሳ በቴሌቪዥን ብቻ ያየ ሰው፣ ከተናጋሪው ጀርባ ባንዲራ የሚያውለበልቡት እንዲያው የቀደሙ ሰዎች ይመስሉታል። ተመርጠው ነው። ባለፈው የምርጫ ሰሞን ዴንቨር ውስጥ እኔም ተመርጬ እዚያ ተቀምጫለሁ። አብረውኝ የመጡት ገና ዜግነት ያገኙ የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። መግቢያው ነፃ ነው፤ ስምና ስልክ መሙላት ብቻ። (ከዚያ በኋላ "ገንዘብ አዋጡ" የሚለው መልእክት ስልክህ ላይ ሲዘንብ ይከርማል።) አንዲት አስተባባሪ ፊታችንን አየት አደረገችና ካሜራው የሚያርፍበት ቦታ ወሰደችን። "አክብረውን ነው" አሉ ጋሼ። እኔ ግን መልካችንን ፈልገውት ነው ባይ ነኝ።

ንግግሩ ሲጋጋል ከፊታችን የነበረች ወጣት ብድግ ብላ ጃኬቷን አወለቀች። ቲሸርቷ ላይ ተወዳዳሪውን የሚቃወም ጽሑፍ አለ። ቃል አልተነፈሰችም። ሕዝቡ ግን "አስወጧት!" እያለ አዳራሹን አናጋው። ጠባቂዎች መጡ፣ ፖሊስ ተከተለ፣ ወጣች። ጋሼ ማጨብጨባቸውን አቆሙ። "የቀበሌ ስብሰባ ነው እንዴ ያመጣኸኝ?"

መኪና ውስጥ ክርክር ገጠምን። ሕገ መንግሥቱ የመናገር ነፃነትን የሚጠብቅልህ ከመንግሥት ነው፤ አዳራሽ የተከራየ ፓርቲ ግን ድግሱ የራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኦሃዮ ውስጥ አባት ቡሽ ሲቀሰቅሱ፣ አንዲት ተማሪ የክሊንተንን አርማ ለጥፋ መጥታ "ሳታወልቂ አትገቢም" ተባለች። ከሰሰች፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለአዘጋጆቹ ፈረደላቸው።

ይኼ እንኳ ይገባኛል። የማይገባኝ እዚሁ ዴንቨር በ2005 የሆነው ነው። ልጅ ቡሽ ስለ ጡረታ ሊናገሩ መጡ። ምርጫው አልፏል፤ ዝግጅቱ በግብር ከፋዩ ገንዘብ የተዘጋጀ የመንግሥት ስብሰባ ነው። ሊያዳምጡ የመጡ ሰዎች፣ የመጡበት መኪና ላይ የኢራቅን ጦርነት የሚቃወም ጽሑፍ ስለተለጠፈ ብቻ፣ ምንም ሳይረብሹ ተባረሩ። ከሰሱ፤ ተረቱ። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም ሲል፣ ዳኛ ጊንስበርግ መታየት ነበረበት ብለው ተቃውመዋል። በእኔ ቤት እሳቸው ልክ ናቸው። በግብሬ የተከፈተ በር በመኪናዬ ጽሑፍ ሊዘጋብኝ አይገባም።

ጋሼ ግን ሕጉን ትተው ሕዝቡ ላይ ተናደዱ። "እሺ ጠባቂው ታዟል። ያ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው የሚጮህባት?"

እዚህ ላይ ነው ሳቄ የመጣው። በ2012 ጋዜጠኛ አበበ ገላው ዋሽንግተን ውስጥ አቶ መለስ ንግግር ላይ ተነስቶ ሲጮህ፣ ዳያስፖራው ስንት ወር ቪዲዮውን ደጋግሞ አየው! ጀግና ነው ያልነው። እሱንም አስወጥተውታል። የራሳችን ስብሰባ ላይ ሲሆንስ? አምና የኮሚኒቲው ጉባኤ ላይ አንድ ልጅ ማይክ ይዞ የአዋጣነው ብር ሒሳብ የት ደረሰ ብሎ ጠየቀ። "ይቀመጥ! ይቀመጥ!" ተባለ። ፖሊስም ጠባቂም አላስፈለገም፤ ማይኩን ከእጁ ተቀበሉት። ከጯሂዎቹ አንዱ ጋሼ ነበሩ።

ይህን ባስታውሳቸው መስኮቱን ዝቅ አድርገው ትንሽ ውጭ ውጭ አዩ።

"እሱማ ሌላ ነው" አሉኝ።