ለደህንነቷ ተብሎ ግብ ጠባቂ የሆነችው

የቀድሞዋ የአሜሪካ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ግብ ጠባቂ ብሪያና ስከሪ በሚኒሶታ ግዛት ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ ስታድግ ኳስ የጀመረችው ከወንዶች ቡድን ጋር ነው። አሰልጣኙም ሴት ልጅ እንዳትጎዳ ብሎ ግብ ላይ አቆማት። ይህ ነገር ትዝ ባለኝ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። ግብ ጠባቂዎችን ማሰልጠን ሥራዬ ስለሆነ፣ ሜዳ ላይ ከግብ ጠባቂ የበለጠ ለጉልበትና ለጫማ የተጋለጠ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ሌላው ተጫዋች በእግሩ በሚገባበት ቦታ እርሱ የሚገባው በጭንቅላቱ ነው።

የምሠራው በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ከማሰለጥናቸው ልጆች ብዙዎቹ የሐበሻ ልጆች ናቸው፤ ወላጆቻቸውም ቅዳሜን ከሥራ ተበድረው የሚመጡ። ልጆቹ ልምምድ ሲሰለቻቸው ስለ ስከሪ እነግራቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1999፣ በካሊፎርኒያ ፓሳዲና ሮዝ ቦውል ስታዲየም፣ 90,185 ተመልካች ፊት የሴቶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። አሜሪካና ቻይና 120 ደቂቃ ተጫውተው ግብ ሳይቆጠር ወደ መለያ ምት ሄዱ። ስከሪ መቺዎችን አስቀድሞ የማየት ልማድ አልነበራትም። ሦስተኛዋ መቺ ሊዩ ዪንግ ስትመጣ ግን ቀና ብላ አየቻት፤ ይህችን እንደምታድን ያኔውኑ እንዳወቀች በኋላ ተናግራለች። ተወርውራ መለሰችው። አሜሪካ 5 ለ 4 አሸነፈች፤ ዓለም የሚያስታውሰው ፎቶግራፍ ግን የመጨረሻዋን ምት አስቆጥራ ማሊያዋን ያወለቀችው የብራንዲ ቻስታይን ነው። የግብ ጠባቂ ዕጣ እንዲህ ነው።

ልጆቹ ቪዲዮውን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ “ከመስመሩ ወጥታ የለም እንዴ?” ብለው ነው። ወጥታለች። ዳኛዋ አልነፋችም። ግብ ጠባቂ እስኪነፋበት ድረስ ጥቂት መሬት ይሰርቃል፤ ይህን ለልጆች ማስተማር ይገባኛል ወይ የሚለውን እስካሁን አልወሰንኩም።

አንድ ቅዳሜ ግብ ላይ የቆመችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ፈጣን፣ ደፋር፣ ትንሽም ግትር። ከተከላካዮቿ ጀርባ ረጅም ኳስ ተጣለ። በጊዜ ወጣች፣ ተኛችበት፣ በሁለት እጇ አቀፈችው። አጥቂዋ ግን እየሮጠች ስለነበር መቆም አልቻለችም፤ ጉልበቷ የልጅቷን ጆሮ ግንድ፣ ማለትም ከጆሮዋ በላይ ያለውን ስስ ቦታ መታው። ኳሱ ከእጇ አልወጣም። ወላጆች አጨበጨቡ፤ አባቷም “ተነሺ የኔ አንበሳ!” ሲል ድምፁ ሜዳውን ሞላው። ተነሣች፣ የጓንቷን ማሰሪያ አጠበቀች፣ ለዳኛው አውራ ጣቷን አሳየች።

ቀጥላ ያደረገችውን ከጎኔ የነበረ ሰው ሁሉ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ኳሱ በእጇ ነው፤ መወርወር ወይም ከእጇ መምታት ትችላለች። እርሷ ግን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ኳሱ ወደ ውጭ ወጥቶ የግብ ምት የተሰጣት ያህል በጥንቃቄ አስተካክላ፣ ለመምታት አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። የተቃራኒ ቡድን አጥቂ ነቅታ ሮጠች፤ ተከላካያችን ቀድማ ባትጠልዘው ኖሮ ግብ ነበር። ሰው ሁሉ ተዘናግታ ነው ብሎ ሳቀ። እኔ ቅያሬ ጠየቅሁ። ሁለተኛ ግብ ጠባቂ ስላልነበረን ጓንቱን ያጠለቀችው የመስመር ተከላካያችን ናት።

አባቷ መስመሩን ተሻግሮ መጣ።

“ምን ነካህ ወንድሜ? ልጅቷ እኮ ቆማለች!”

“መቆሙንስ ቆማለች። ዛሬ ግን አትጫወትም።”

“እኛ ጠጠር ሜዳ ላይ ስንጫወት ስንት ጊዜ ተፈንክተን፣ በውኃ ታጥበን ተመልሰናል!”

እውነቱን ነው፤ እኔም እንዲያ ነው ያደግሁት። ልጅቷን ጥላ ስር አስቀመጥኳትና ከአባቷ አጠገብ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ጭንቅላቱ ተጎድቷል ተብሎ ስለተጠረጠረ ልጅ ያለውን ሕግ ብነግረው እንደማይሰማኝ ገብቶኛል። ስለዚህ የስከሪን የመጨረሻ ጨዋታ ነገርኩት፤ ለልጆቹ የማልነግራቸውን ክፍል።

በ1996 አትላንታ እና በ2004 አቴንስ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች፣ ለአገሯ 173 ጊዜ የተሰለፈች ሴት ናት። በ2010 ለዋሽንግተን ፍሪደም ትጫወት ነበር፤ የክለቡ ሜዳ እዚሁ ካውንቲያችን ውስጥ ነበር። በዚያ ዓመት ኤፕሪል ወር ዝቅ ብሎ የመጣ ኳስ ለመያዝ ጎንበስ አለች። ካላየችው አቅጣጫ የመጣች አጥቂ ጉልበቷን ቀኝ ጆሮ ግንዷ ላይ አሳረፈችባት። ኳሱን አልለቀቀችም፤ ተነሥታም ጨዋታዋን ቀጠለች። የተጫዋቾቹ ስም ማሊያቸው ላይ ይደበዝዝባት፣ ኳሱም ሁለት ሆኖ ይታያት ጀመር። ዕረፍት ሲወጡ አረማመዷ የተዛባ መሆኑን ያየችው የሕክምና ባለሙያ ደህና ነሽ ወይ ብላ ስትጠይቃት ነው አይደለሁም ያለችው። ከዚያ በኋላ አንድም ጨዋታ አልተጫወተችም።

ራስ ምታቱ ለዓመታት አልለቀቃትም። ብርሃን ያማታል፣ ነገር ይጠፋባታል፣ ድባቴው ራሷን ለማጥፋት እስከማሰብ አድርሷት ነበር፤ ይህን ራሷ በአደባባይ ተናግራዋለች። አባትየው እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ጨዋታውን እያየ ያዳምጥ ነበር። ጉዳቱ የሥራ ላይ ጉዳት ስለነበር ጉዳዩ ወደ ኢንሹራንስ እንደሄደ፣ የሕክምናው ወጪም ክርክር እንዳስነሣ ስነግረው ግን ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

“አላመኗትም?”

“ገንዘብ ሲያጥራት ሁለቱን የወርቅ ሜዳሊያዎቿን በመያዣ አስይዛ ተበደረች። በኋላ ነው መልሳ ያገኘቻቸው።”

ለካ እርሱም የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ወገቡን ተጎድቶ፣ በራጅ ፎቶ ላይ የሚታይ ነገር የለም ተብሎ ወራት ተመላልሷል። አጥንት ቢሰበር ሁሉም ያያል፤ የማይታየውን ጉዳት ማስረዳት የተጎጂው ዕዳ ይሆናል። የስከሪን ስቃይ ምንጭ ሐኪሞች ያገኙት ከራስ ቅሏ በስተኋላ ባለው ነርቭ ላይ ነው። በኦክቶበር 2013 እዚሁ ዋሽንግተን፣ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነርቩ በቀዶ ሕክምና ተለቀቀላት። ከተመታችበት ቀን ሦስት ዓመት ተኩል ማለት ነው።

አባትየው ስለ ጨዋታው መጠየቅ ተወ። “ዳኛው ጽፎታል?” አለኝ። አልጻፈም ነበር፤ ለእርሱ ያ ጥሩ አያያዝ እንጂ ጉዳት አልነበረም። እኔ በቡድኑ የአደጋ ቅጽ ላይ ደቂቃውን፣ የተመታችበትን ጎን፣ ኳሱን መሬት ላይ ያስቀመጠችበትን ሁኔታ ጭምር ጻፍኩ። እርሱ በስልኩ ፎቶ አነሣውና “ሰዓቱንም ጨምርበት” አለኝ። ጨመርኩ። ልጅቷ ይህን ሁሉ ጊዜ ስንት ለስንት እንደሆንን ደጋግማ ትጠይቀናለች፤ መልሱን በሰማች በአፍታ ውስጥ ደግሞ እንደገና። አባቷ ሦስተኛውን ጥያቄ ሲሰማ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ።

የአንጎል መናወጥ ነበር። ሐኪሟ መጀመሪያ ዕረፍት፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ቀላል ሩጫ፣ ከዚያ ኳስ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ ግጭት ያለበት ልምምድ ብላ በደረጃ አዘዘችላት። በሜሪላንድ ከ2011 ጀምሮ እንዲህ የተጠረጠረ ልጅ ከሜዳ መውጣት አለበት፤ ያለ ባለሙያ የጽሑፍ ፈቃድም አይመለስም። ስከሪም በ2014 ስለ ወጣት ስፖርተኞች የጭንቅላት ጉዳት በኮንግረስ ቀርባ መስክራለች። በ2017 ለአሜሪካ የእግር ኳስ የዝና አዳራሽ ስትመረጥ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። እኔ ግን ከዝናው ይልቅ ምስክርነቱን አስበልጣለሁ።

ልጅቷ ከሐኪሟ ወረቀት ጋር ስትመለስ የቡድናችን ውጤት እንዳይሆን ሆኖ ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታዋ ሦስት ግብ ገባባት። አባቷ ከጨዋታው በኋላ መጥቶ ስለ ጭንቅላቷ አንድም ቃል ሳይተነፍስ፣ ተከላካዮቼ ለምን ሰው እንደማይዙ ሩብ ሰዓት ሙሉ አስረዳኝ።