25 ሰዓት ከመድፉ አጠገብ

በወጣትነቴ መድፈኛ ነበርኩ። አሜሪካ፣ ባልቲሞር ወደ ሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1814 እንግሊዞች በቦምብ ወደ ደበደቡት ፎርት ማክሄንሪ ምሽግ በሄድኩ ቁጥር ጎብኚው ወደ ባንዲራው ሲያቀና እኔ ወደ ውኃው ዳር የምወርደው ለዚህ ነው። ከጡቡ ምሽግ ውጭ፣ ከወንዙ ትይዩ፣ የመድፍ ረድፍ አለ። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከግዙፎቹ አንዱ አፈሙዝ ውስጥ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገብታ «አባዬ፣ እንግሊዞቹን የመለሱት በዚህ ነው?» አለችኝ።

በዚህ አይደለም። አሁን እዚያ የተደረደሩት ሮድማን የሚባሉት መድፎች ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ወዲህ የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1814 በዚያ ስፍራ የነበሩት ከባዶቹ መድፎች ሌኦል ከተባለ፣ በ1806 በማዕበል ከተጎዳ የፈረንሳይ የጦር መርከብ የተገኙ ነበሩ። የሰው አገር የመርከብ መድፍ አፈር ላይ ተተክሎ ከተማ ጠበቀ።

እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 1814 ንጋት ላይ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ መርከቦች መተኮስ ጀመሩ። የአንዱ ቦምብ ክብደት ወደ 90 ኪሎ ግራም ይጠጋል። የምሽጉ አዛዥ ሻለቃ ጆርጅ አርሚስቴድ ወዲያው መልስ ሰጠ፤ ዓረሩ ግን ሳይደርስ ውኃ ውስጥ ወደቀ። መርከቦቹ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከፈረሰው የኪይ ድልድይ ወዲህ፣ መልሕቅ ጥለው ነበር። አርሚስቴድ ተኩስ አስቆመ።

መድፍ ያልያዘ ሰው የዚህን ትእዛዝ ክብደት የሚረዳው አይመስለኝም። ባሩድ አለ፣ ዓረር አለ፣ ጠላት በዓይን ይታያል፤ እጅ ግን ታስሯል። አርሚስቴድ ራሱ በኋላ በጻፈው ሪፖርት ይህ እጅግ እንዳስጨነቀው ተናግሯል።

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ አንድ ቦምብ ደቡብ ምዕራቡ ማዕዘን ላይ ወድቆ መድፍ ገለበጠ፤ መቶ አለቃ ክላጌትን ገደለ። እንግሊዞቹ ትርምሱን አይተው ቀረብ አሉ። ያን ጊዜ የምሽጉ መድፎች ሁሉ ተከፈቱባቸው፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ነበሩበት ተመለሱ። እዚህ ላይ ስደርስ ልቤ ሁልጊዜ ይሞቃል።

ሌላ ቦምብ ደግሞ የባሩድ ቤቱን ጣሪያ በስቶ ገባ፤ አልፈነዳም። በርሜሎቹን አውጥተው ከግንቡ ኋላ በየቦታው በተኗቸው። በዝናብ ጊዜ ባሩድ ማውጣት! ግን ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ሌሊቱን በጀልባ ሾልከው በወንዙ ምዕራባዊ ክንድ ሊገቡ የሞከሩትን እንግሊዞች ደግሞ ባብኮክ የተባለው፣ ከአፈር የተሠራ ባለ 6 መድፍ ትንሽ ምሽግና ጎረቤቱ ፎርት ኮቪንግተን መለሷቸው።

ተኩሱ ያበቃው በማግስቱ ጠዋት፣ ከ25 ሰዓት በኋላ ነው። ከ1,500 በላይ ቦምብ ተተኩሶ ከምሽጉ ሰዎች የሞቱት 4፣ የቆሰሉት 24 ናቸው። ከቆሰሉት ውስጥ ዊልያም ዊልያምስ ተብሎ የተመዘገበው ወታደር ከባርነት አምልጦ የተቀጠረ ጥቁር ሰው ነበር። እግሩን አጥቶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ለልጄ ስሙን ሁለት ጊዜ ደገምኩላት፤ እንድትይዘው ስለፈለግኩ።

ስንወጣ ወደ ወንዙ ዘወር ብላ «ታዲያ ያን ሁሉ ሰዓት ሳይተኩሱ ምን ሲያደርጉ ዋሉ?» አለችኝ።

«ከመድፉ አጠገብ ቁጭ ብለው ጠበቁ» አልኳት።